ሦስት ሳምንት ያልለቀቀ ቀለም

ለአዘጋጁ፦

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ጥር ወደ በሬሳ ወንዝ ከሚወርድ አንድ ቦይ ውሃ በባዶ ሃይላንድ ቀዳሁና መስኮቴ ላይ አስቀመጥኩት። ሰማያዊ ነው። ጭቃው በሁለት ቀን ዘቀጠ። ቀለሙ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ እየመታው ንቅንቅ አላለም። ከዚያው ቦይ በግ ይጠጣል፣ ጎመን ይጠጣል። በሬሳ ደግሞ ጀማ ይገባል፤ ጀማም አባይ።

የጨርቅ ቀለም ሲሠራ ጀምሮ ፀሐይና ሳሙና እንዳያስለቅቁት ተደርጎ ነው። በማጣሪያ ገንዳ ያሉ ባክቴሪያዎች ሌላውን ቆሻሻ ይበላሉ፤ ብዙዎቹን ቀለሞች ግን አይችሏቸውም። አንዳንድ ፀረ ተባይና መድኃኒትም እንደዚሁ ነው።

መላ ግን አለ። ፌንተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ብረትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ የሚያደርጉትን እ.ኤ.አ. በ1894 ጽፏል። ፐርኦክሳይድ ያው ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ የሞለኪውል ቁራጭ ይወለዳል። ዕድሜው ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ነው። ግን ከክሎሪንም ከኦዞንም ይበረታል፤ ያገኘውን ቀለም ይቆራርጠዋል። ፀሐይ ሲጨመርበት ሥራውን የጨረሰው ብረት ተመልሶ ይሠራል። እኛ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። የበጋ ፀሐያችን በዚያ ሁሉ ብርድ መሃል ፊት ትልጣለች!

ነፃ ነገር አይደለም። ውሃው መጀመሪያ አሲድ መሆን አለበት፣ በኋላ በኖራ ይመለሳል። የብረት ዝቃጭም ይተርፋል። ፐርኦክሳይዱም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያዎቹ የሚችሉትን ይብሉ፣ ያቃታቸው ብቻ ወደዚህ ይምጣ።

አንድ ነገር አደራ። የቆዳ ፋብሪካ ቆዳ የሚያለፋበት ክሮምየም በዚህ መንገድ አይጠፋም። እንዲያውም ወደ ባሰው መርዛማ ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። እሱ አስቀድሞ ለብቻው ይለይ። ደግሞም ውሃው ጠራ ተብሎ አይለቀቅ፤ ከቀለሙ ስብርባሪ መርዝ የሆነ ሊኖር ስለሚችል ይለካ።

ማንንም ለመክሰስ አልጻፍኩም። ዩኒቨርሲቲ አለን፣ ፋብሪካም አለን። ተነጋግረው በአንድ በርሜል ፍሳሽ ይሞክሩት፤ የወጣውን ውጤትም ለከተማው ሰው በግልጽ ይንገሩን። ናሙና ቅዳ ካሉኝ ጀሪካኔን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የደብረ ብርሃን ነዋሪ