ባለሙያ አልጠፋም፤ የጠፋው የሚሠራ ዕቃ ነው

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፦

ስለ ቮልስ መኪናዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስ ተጭነው ከቤተ መንግሥት የወጡበትንም ታሪክ አንስታችኋል። ስለ ቮልስ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ነውና ግድ የለም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ቮልሶች የቆሙት በባለሙያ እጥረት ነው፤ መለዋወጫውማ አሁን እንደ ልብ ይገኛል፣ ትላላችሁ።

ይህን ማን ነገራችሁ? ዘገባው ላይ የተናገሩት አንድ የመለዋወጫ ነጋዴና የአዲስ አበባ ባለመኪናዎች ብቻ ናቸው። ከደሴ አንድ ሰው አልተጠየቀም። ከኮምቦልቻም፣ ከወልድያም፣ ከሐይቅም አልተጠየቀም። እኛ ባልተጠየቅንበት ጉዳይ የእኛን ችሎታ ነጋዴ መሰከረ። ዕቃውን የሚሸጠው ሰው "ጥፋቱ የገጣሚው ነው" ቢል ምን ይገርማል? የሚገርመው እናንተ ሳታጣሩ ማተማችሁ ነው።

እኔ ደሴ ውስጥ የመኪና ኤሌትሪሺያን ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ከአባቴ ነው። አባቴ የሠራው የአሰብ መንገድ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ጭነት በሚያጎርፍበት ዘመን ነው። ዲናሞው የተቃጠለበት ኤንትሬ የጭነት መኪና ሌሊት ይመጣል፣ ጠዋት መንገዱን ይቀጥላል። ዲናሞውን ፈትቶ፣ ሽቦውን በእጁ ጠቅልሎ ነበር የሚመልሰው። እሱ ያስተማራቸው ልጆች ዛሬም እዚሁ ወሎ ውስጥ ጋራዥ አላቸው። ባለሙያ የለም የተባለው ስለ እነዚህ ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ።

ቮልስ ከተሠራ ስንት ዘመኑ! ጀርመን መደበኛውን ቮልስ ማምረት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ሜክሲኮም እ.ኤ.አ. በ2003 አቆመች። ዛሬ "አዲስ" እየተባለ በካርቶን የሚመጣው የኤሌትሪክ ዕቃ አብዛኛው ከጊዜ በኋላ እየተመሳሰለ የተሠራ ነው። ካርቶኑ ላይ የታወቀ የጀርመን ስም ይጻፋል። ዕቃው ሲታይ ቁርጥ ኦርጂናሉን ነው። ችግሩ ውስጡ ነው፤ ውስጡ ደግሞ ሱቅ ላይ አይታይም።

ኮንደንሰርን እንውሰድ። የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ዕቃ ናት። ፑንቲናው፣ ማለትም እየተከፈተና እየተዘጋ ኤሌትሪኩን የሚያቋርጠው ዕቃ፣ በተከፈተ ቁጥር ኮይሉ (ኤሌትሪኩን የሚያበረታው ጥቅል ሽቦ) ውስጥ ያለው ኤሌትሪክ መሄጃ ይፈልጋል። ኮንደንሰሯ ትቀበለዋለች፤ በዚህ ጊዜ ካንዴላው ላይ ጠንካራ እሳት ይዘላል። አቅሟ 0.2 ማይክሮፋራድ አካባቢ ነው። ውስጧ በስሱ የተጠቀለለ ፎይልና መከለያ ነው። ጥቅልሉና ሽቦው የሚገናኙበት ቦታ በደንብ ካልተያዘ፣ ሲሞቅ ይላቀቃል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይገናኛል። እንግዲህ ይህችን ዕቃ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ብትለካት ምንም የለባትም። ቀኑን ሙሉ ቆማ ብትውልም ደህና ናት። መኪናው ሲለፋ ግን ትከዳለች።

እኛ ጋ መኪና የት እንደሚለፋ ታውቃላችሁ? ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ዳገት፣ ሐረጎ ላይ ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ይህ ሁሉ ዳገት ደግሞ ያለው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ነው። ቮልስ ውሃ የለውም፣ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሰው ጭኖ፣ ወይና ደጋውን ትቶ ወደ ደጋው ሲወጣ ሞተሩ ይግላል። ኮንደንሰሯም አብራ ትግላለች። ቦሌ መንገድ ላይ ለፎቶ የሚወጣ መኪና ይህን ፈተና አያውቀውም። ዘገባችሁ እኛን በመተዉ ያጣው ይህን ነው። እቃው ደካማ መሆኑን ቀድመን የምናየው እኛ ነን፤ የምንሰደበውም እኛ።

አንድ ጡረተኛ መምህር ደንበኛዬ አሉ። በከተማው የተከበሩ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ፑንቲና፣ ኮንደንሰርና እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን ሮተር አዲስ ገዝተው አመጡ። ገጠምኩ፣ የፑንቲናውን ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር አስተካከልኩ፣ ሞተሩ እንደ ሰዓት ሄደ። ኮምቦልቻ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ሐረጎ መሐል ላይ ቀጥ አለ። ባለቤታቸው አብረዋቸው ነበሩ። መሸባቸው፣ ብርዱም መጣ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተነሳ፣ ትንሽ ሄደ፣ እንደገና ቆመ። በማግስቱ መጥተው ምን አሉኝ? "ልጄ፣ አባትህ እንዲህ አያደርግም ነበር።" እንዲህ ከሚሉኝ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲሷን ኮንደንሰር አውጥቼ አንዲት አሮጌ ገጠምኩላቸው። ከመሳቢያዬ ፈልጌ ያገኘኋት ናት፤ ከቆመ መኪና የተፈታች። ሌላ ምንም አልነካሁም። ከዚያ ወዲህ ሐረጎን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እስቲ በሰከነ አእምሮ አስቡት። እጁ ያው የእኔ እጅ ነው። መኪናው ያው ነው። መንገዱም ያው ነው። የተለወጠው ዕቃው ብቻ ነው። ጥፋቱ የባለሙያ ቢሆን አሮጌዋ ስትገጠም እንዴት ሠራ?

ፑንቲናውም እንደዚሁ ነው። ዘንጉ ላይ እየተሻሸች ፑንቲናውን የምትከፍተው ቁራጭ በድሮው ዕቃ ጠንካራ ነበረች። በአሁኑ ቶሎ ትበላለች። ስትበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱ ይዘገያል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ በመጨረሻም አልነሳም ይላል። ባለመኪናው "ትናንት አይደል ያስተካከልከው?" ይላል። ልክ ነው፣ ትናንት ነው ያስተካከልኩት። ሮተር ደግሞ አለ፤ ከፕላስቲኩ ጥራት የተነሳ እሳቱን ወደ ካንዴላ ከመላክ ይልቅ በውስጡ አሳልፎ ወደ ዘንጉ የሚያፈስ። ይህ ሲሆን መኪናው ድንገት ድርቅ ይላል፤ በዓይን ግን ምንም ስንጥቅ አይታይም።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ሬጉሌተሩ ነው። ዲናሞው ለባትሪው የሚሰጠውን ልክ የሚይዘው እሱ ነው። ካልያዘ ባትሪው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ ይፈላል። የቮልስ ባትሪ የት እንዳለ ዘገባው አልነገረንም፤ ከኋላ ወንበር ስር ነው። ልጆች የሚቀመጡበት ማለት ነው። አሲድ የሚተፋ ባትሪ ልጆች ስር አስቀምጦ መለዋወጫ እንደ ልብ ይገኛል ማለት ምን ማለት ነው?

ሁሉም ኮፒ መጥፎ ነው አላልኩም። ጎማው፣ የመስኮት ላስቲኩ፣ ኬብሉ፣ ብዙው ደህና ነው፤ ጉድለት ቢኖረውም ገና ሲገዛ ይታያል። ያለ ፑንቲና በኤሌክትሮኒክ እሳት የሚሰጥ ዕቃም አለ፣ ጥሩው ጥሩ ነው። ግን የእሱም ኮፒ መጥቷል። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ በርቶ ከቆየ የሚቃጠል አለ። ፑንቲና ከተበላሸ መንገድ ላይ በጥፍር መሞረጃ ጠርገህ ቤትህ ትገባለህ፤ ያኛው ከተቃጠለ ግን ጎታች መጥራት ነው።

ገንዘብ ይመለስልኝ ቢባልስ? ሞክሬዋለሁ። "የኤሌትሪክ ዕቃ ከተገጠመ አይመለስም" ይሉሃል። አንዳንዱ ሱቅ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ታዲያ ሳይገጠም መበላሸቱ በምን ይታወቃል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ነጋዴውን ስታነጋግሩ ይህን መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ሌላም የከነከነኝ ነገር አለ። ዘገባው ቮልስን የትርፍ ጊዜ መዝናኛ አድርጎ ነው የሳለው። ለአንዳንዱ ይሆናል። እዚህ ግን ሰው በቮልስ በሽተኛ ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ ሠርግ ይሄዳል፣ ከሐይቅ ዓሣ ያመጣል። ለምን አይቀይሩትም እንዳትሉን። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ምን ያህል እንዳስወደደው ራሳችሁ ጽፋችኋል። ከዚያ ደግሞ በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ጡረተኛ መምህር በምን አቅሙ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይግዛ? ያለውን ጠግኖ ነው የሚኖረው። ለዚያም የሚሠራ ኮንደንሰር ይፈልጋል።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። የባለሙያ እጥረት የሚለው እንዲታረም፣ ዘገባው በወጣበት በዚያው ገጽ። ቀጥሎም ዘጋቢያችሁን ላኩልን። ከሱቅ ራሱ መርጦ የገዛውን ኮንደንሰር ይዞ ይምጣ፤ እኔ በነፃ እገጥምለታለሁ። አብረን ኮምቦልቻ እንወርድና በሐረጎ እንመለስ። አሮጌዋንም በኪሴ እይዛለሁ፣ መንገድ ላይ አላሳድረውም። ያየውን ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና ኤሌትሪሺያን፣ ከደሴ