ስለ ሥራ ልብስና ስለ ፀጉር፣ ለኮምቦልቻ አባሎቻችን

ውድ የሠራተኛ ማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ?

ሰሞኑን ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሱሪ የምታዘወትር እህታችን «ሴት ምሰይ» ተብላ ቀሚስ እንድትለብስ ታዝዛለች። ሹሩባ የተሠራ ወንድማችንም «ተላጭተህ ና» ተብሏል። ይሄ ልክ አይደለም።

ማሽን ላይ የተንዘረፈፈ ፀጉርና ሰፊ እጅጌ አደጋ ነው፤ ይያዛል። እዚህ ላይ አንከራከርም። ግን ለሴቷ ሹሩባ የፀጉር መሸፈኛ ከበቃ፣ ለወንዱም ይበቃል። ቀሚስማ ለማሽን ከሱሪ ይልቅ ያሰጋል!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ ማዳላትን ይከለክላል። ፆታ የስንብት ምክንያት ሊሆንም አይችልም። ማስጠንቀቂያ የደረሳችሁ፣ ደብዳቤውን ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ኑ። በቃል ከሆነ ቀኑንና የተናገረውን ሰው ጻፉ።

እባካችሁ፣ እኛም ሰርቪስ ውስጥ በነዚህ ባልደረቦቻችን መሳለቁን እናቁም።