ደሴ ከተሽ ላግኝሽ

አዲስ አበባ፣ የካቲት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

አብሮ አደጌ፣

ሰላም ነሽ ወይ? ይቺን አንድ መስመር ለመጻፍ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቶ "ሰላም ነሽ ወይ" ማለት ያሳፍራል። ግን ከሌላ ከምን ይጀመራል? ስለዚህ ሰላም ነሽ ወይ? ጅዳስ እንዴት ነው? ረመዳን እንዴት ይዞሻል?

እኔ ደሴ ደርሼ መጣሁ። የዓድዋ በዓል ዘንድሮ ሰኞ ስለዋለ ከቅዳሜና እሁድ ጋር ሦስት ቀን ሆነልኝ። አራት ዓመት ሙሉ "ለሚቀጥለው በዓል እመጣለሁ" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አባዬን ታውቂው የለ? ጥር ላይ ደወለና ገና ሃሎ ሳልል "ለየካቲት 23 ደሴ ከተሽ ላግኝሽ!" አለኝ። ምኒልክ በክተት አዋጃቸው የሸዋን ሰው "ወረ ኢሉ ከተህ ላግኝህ" እንዳሉት መሆኑ ነው። "አባ፣ ሥራ አለብኝ እኮ" ስለው "ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሰውዬው አዋጁን ከነማስፈራሪያው ነው በቃሉ የያዘው።

የመንገዱን ነገር ሰምተሽ ይሆናል። እማዬ በመኪና እንዳልሞክረው ስላስማለችኝ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ወረድኩ። ቲኬቱ ኪሴን አራቁቶታል፣ እሱን ተዪው። ግን የደብረ ሲናን ቆሎ ሳይቆረጥሙ ደሴ መግባት ምኑም አይጥምም። የሄድኩም አልመስል ብሎኝ ነበር። ሐረጎን መውጣት ስንጀምር ነው ነፍሴ የገባችልኝ። ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ሚኒባሱ በየጥምዝምዙ ያቃስታል። ሁሉም ሰው ጋቢውን ሲከናነብ እኔ መስኮቱን ከፈትኩ። ከኋላዬ ያሉ እናት "ልጄ፣ የደሴን ብርድ አታውቂውም መሰል" አሉኝ። ስሚ፣ እኔን! ለአዲስ አበባ ሰው ቆጠሩኝ።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። እንግዲህ ያለ ዶሮ፣ ያለ በግ፣ ያለ ቅቤ በዓል አስቢው። ቀን ላይ ሰፈራችን ጭር ብሎ ነው የሚውለው። ሁሉም ሰው ሰዓት ያያል፤ ግማሹ ዘጠኝ ሰዓትን፣ ግማሹ መግሪብን። እማዬ ግን ስልጆዋን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሰናፍጩ አፍንጫዬን ሲሰነጥቀው እንባዬ መጣ። እማዬ ናፍቆት መሰላት፣ እኔም አላስተባበልኩም።

ሰኞ ጠዋት አባዬ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ከዘራውን እንደ ጦር ይዞ ብቅ አለ። ዘንድሮ ዓድዋ 130 ዓመት ሆነው አይደል? ስለዚህ ትረካው ከወትሮው ረዘም አለ። መቼም እሱ ጦርነቱን ከዓድዋ አይጀምረውም። ከውጫሌ ነው የሚነሳው። "ነገሩ የተበላሸው እዚሁ ወሎ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው" ይላል። 1881፣ አንቀጽ 17። በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ "ይቻላቸዋል"። በጣልያንኛው ደግሞ የግድ ይሆንባቸዋል። "በአንዲት ቃል ይኼ ሁሉ ሰው አለቀ" ብሎ ዝም ይላል። እዚህ ጋ ሁልጊዜ ዝም ይላል፤ ታስታውሺያለሽ።

ከዚያ የአያቱ አባት ከራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ጋር መዝመታቸው ይመጣል። ዘንድሮ ፈረሳቸው ነጭ ነበር። የወንድሜ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እንደ አንቺ አፏ አያርፍም። "አያዬ፣ አምና እኮ ዳማ ነበር ያልከው" አለችው። ቤቱ ፀጥ አለ። አባዬ ምንም ሳይደነግጥ "አንድ ፈረስ ብቻ ይዞ የሚዘምት ማን አለ?" አላት። ወንድሜ ሳቁን ለማፈን ጓዳ ገባ።

እኔ ግን ልጅቷን ሳያት የሰፈራችን ዓድዋ ትዝ አለኝ። ጣልያን መሆን የሚፈልግ ጠፍቶ ዕጣ ስንጣጣል ባራቲየሪ አንቺ ላይ ወጣ። የእናትሽን ሰፌድ አናትሽ ላይ ደፍተሽ መጣሽ። መሸነፍ ነበረብሽ፣ የጨዋታው ደንብ ነው። አንቺ ግን "ለምን እሸነፋለሁ?" ብለሽ ምኒልክን በርግጫ አልሽው። በታሪክ ጣልያን ዓድዋ ላይ ያሸነፈው እኛ ሰፈር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይኼን ሁሉ የቀባጠርኩት እሱን ፈርቼ ነው።

ሰኞ ማታ እናትሽ እኛ ቤት ነው ያፈጠሩት። እማዬ የአጃ ሾርባ ሠርታለች። እናትሽ ሳምቡሳ በሳህን ይዘው መጡ። ሥጋ የለበትም፣ ምስር ነው። "እናትሽም ከኔ ጋር እንድትቀምስ ብዬ ነው" አሉኝ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ማንም አያወራም። አዛኑ ከሸዋ በር በኩል ሲሰማ የሻሻቸውን ጫፍ ፈቱ። ሦስት ቴምር ቋጥረው ነበር። አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለእማዬ፣ አንዱን ለእኔ። በልተን ስንጨርስ ፍሬዎቹን ከእጃችን ተቀብለው መልሰው ቋጠሯቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጣቶቻቸው ቀጥነዋል። ቋጠሮው ሁለቴ አመለጣቸው።

"ትጽፍልሻለች አይደል?" አሉኝ። አንቺን ማለታቸው ነው።

"አዎ" አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

"ምን አለችሽ?"

"ደህና ነኝ አለች። ጥሩ ቤት ነው የገባሁት፣ አንድ ልጅ ብቻ ነው የምይዘው አለች።"

ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። እናትሽ ከሾርባው ፉት አሉ።

"ለኔ ሦስት ናቸው ነው ያለችኝ" አሉ። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "ብዪ፣ ከስተሻል።"

ሌላ ቃል አልወጣቸውም። አባዬ እንኳን ስለ አንቀጽ 17 ለመቀለድ አልደፈረም። እማዬ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠችኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ።

ያን ጊዜ የላክሽልኝ ድምፅ ሰባት ደቂቃ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ከፈትኩት። እስከ ግማሽ ሰማሁት። ማልቀስ ስትጀምሪ አላስቻለኝም፣ አጠገቤም ሰው አለ። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ ብዬ ዘጋሁት። ማታ መብራት ጠፋ። በማግስቱ ሥራ ነበር። በሳምንቱ መገናኛ ላይ ስልኬን ላፍ አደረጉት። "ስልኬ ተሰርቆ ነው" ብልሽ ታምኚኝ ነበር። ግን ቁጥርሽ እህቴ ጋ አለ። ስልኩ አይደለም ምክንያቱ። ግማሹን ስሰማ ምን እንደምልሽ ጠፋኝ። አንድ ወር ሲያልፍ አፈርኩ። ስድስት ወር ሲያልፍ ደግሞ ማፈሩን ለመድኩት። ይቅር በዪኝ፣ እሺ?

ስለዚህ ስንት ልጆች ናቸው? አንድ ናቸው ወይስ ሦስት? ወይስ ከዚያ ቤት ወጥተሻል? ያን ቀን ያልሰማሁትን ግማሽ መልሰሽ ንገሪኝ። ባትፈልጊ አትንገሪኝ፤ ስለ ሌላ ነገር አውሪኝ። ሃምሳ ደቂቃም ቢሆን ላኪው፣ ታክሲ ውስጥ አልከፍተውም።

እናትሽ ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ በር አንኳኩተው በሶ አስቀምጠውልሽ ሄደዋል። እኔ ተኝቼ ነበር። ለእማዬ "አድርሺላት በያት፣ መላኪያ አታጣም" ብለዋታል። ሁለት ኪሎ ይሆናል። አሁን እኔ ቤት ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ ነው። ወደ ጅዳ የሚመጣ ሰው ካወቅሽ ቶሎ ንገሪኝ። ትናንት ማታ ርቦኝ ሁለት ማንኪያ ወስጄ በስኳር በጥብጬ ጠጥቼበታለሁ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያቸው።

አብሮ አደግሽ