የማላውቀው መኪና ዕዳ ለምን በእኔ ስም ይመጣል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። በካሜራና በታግ (መኪና መስታወት ላይ በሚለጠፍ የሬዲዮ መለያ) ስለሚያስከፍሉት ፈጣን መንገዶች ከሰው ጋር ባወራሁ ቁጥር "እኔም ጋ መጥቶ ነበር፣ ያልሄድኩበት መንገድ ነው፣ ምን ላድርግ፣ ከፍዬ ተገላገልኩ" የሚለኝ አላጣም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይቺ "ከፍዬ ተገላገልኩ" የምትባለው ነገር ናት።

የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ቀን የፖስታ ሳጥኔን ስከፍት የቅጣት ማስታወቂያ አገኘሁ። መኪናዬ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እኔ ረግጬው በማላውቀው መንገድ፣ ሳትከፍል አልፋለች ይላል። በዚያ ሰዓት እኔም መኪናዬም ቤት ነበርን። ማስታወቂያው ላይ ያለችው ፎቶ የቴምብር ያህል ናት። ጨለማ ናት፣ ብዥ ያለች ናት፣ የምታሳየውም ታርጋውን ብቻ ነው። የመንገዱ አስተዳዳሪዎች ድረ ገጽ ላይ ገብቼ የማስታወቂያውን ቁጥር ሳስገባ ግን ሙሉው ፎቶ ወጣ። ፒክአፕ ነው! የእኔ አነስተኛ የቤት መኪና ናት። ታርጋውን አጉልቼ ሳየው የመጨረሻዋ "ቢ" ፊደል ናት። የእኔ ላይ ያለው ግን 8 ቁጥር ነው።

ማሽኑ መሳሳቱ አይደለም ያናደደኝ። ማሽን ይሳሳታል። በሌሊት፣ በዝናብ፣ ጭቃ በነካው ታርጋ ላይ "ቢ"ን ከ8፣ "ኦ"ን ከዜሮ፣ "አይ"ን ከ1 መለየት ለዓይንም ይከብዳል። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ያንን ፎቶ ለሦስት ሰከንድ አይቶ በእኔ ስም ከተመዘገበው የመኪና ዓይነት ጋር ቢያስተያየው ኖሮ ደብዳቤው ከቢሮ አይወጣም ነበር። ኮምፒውተሩ የተጠራጠረውን ፎቶ ሰው እንዲያየው የሚያደርጉ አሉ፣ ጥሩ ነው። ኮምፒውተሩ ሳይጠራጠር የተሳሳተውንስ ማን ይየው? እስካሁን የሚያየው ደብዳቤው የደረሰው ሰው ነው፤ እሱም ከተናደደና ጊዜ ካለው።

ስልክ ደወልኩ። ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። ያነሳችልኝ ልጅ ትሁት ነበረች፣ እሷን አልወቅስም። "መጀመሪያ ይክፈሉና ቅሬታዎን ያቅርቡ፣ ልክ ከሆኑ ይመለስልዎታል" አለችኝ። እኔ ግን ማስታወቂያውን ገልብጬ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቤው ነበር። መክፈል ጥፋቱን እንደ ማመን ይቆጠራል፣ ጉዳዩም ይዘጋል ይላል። ስለዚህ አልከፈልኩም። የመኪናዬን ፎቶ ከፊትም ከኋላም ከጎንም አነሳሁ፣ የሊብሬዬን ኮፒ ጨመርኩ፣ የእነሱኑ ፎቶ አተምኩና በአንድ ገጽ ደብዳቤ በአደራ ፖስታ ላክሁ።

መልሱ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ፈጀ። በመሃል ሁለተኛ ማስታወቂያ መጣ፣ ቅጣቱ ከፍ ብሎ። አቤቱታዬ ጠረጴዛቸው ላይ እያለ ቅጣቱ ይጨምራል! በኋላ ደግሞ የመንገዱ ክፍያ ተሰርዞልኛል፣ "የአስተዳደር ወጪ" ግን ክፈል የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ድጋሚ ጻፍኩ። ጥያቄዬ አንዲት ነበረች፦ መኪናው የእኔ ካልሆነ የማንን ጉዳይ ስላስተዳደራችሁ ነው እኔ የምከፍለው? ከዚያ በኋላ ሁሉም ተሰረዘ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን የለበትም።

ድሮ መንገዱ ላይ ባለው የክፍያ መቀበያ ዳስ ውስጥ ሰው ነበር። ብትከራከረው፣ ቢሳሳት፣ እዚያው ፊት ለፊት ትጨርሳለህ። አሁን ያ ሰው የለም። ከቶሮንቶ በስተሰሜን ያለው አውራ ጎዳና 407 በፈረንጆቹ 1997 ሲከፈት ጀምሮ አንድም ዳስ አልነበረውም። የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ በ2013 ገንዘብ ተቀባዮቹን አስቀርቶ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮኒክ ሆነ። ይሄንን አልቃወምም። ሰልፉ ቀርቷል፣ ቆሞ መነሳቱ ቀርቷል፣ እኔም ተመችቶኛል። ሰውየው ከዳሱ ሲወጣ ግን ስሕተት የሚታረምበት ቦታም አብሮ ወጣ፣ በምትኩ የመጣው የስልክ ሙዚቃ ነው።

ከእኔ የባሰ የደረሰበት አንድ የቅርብ ዘመድ አለኝ። እሱ መንገዱ ላይ በትክክል ሄዷል፣ ታጉም መስታወቱ ላይ ነበረ። ከመንገድ ክፍያ አካውንቱ ጋር የተያያዘው የባንክ ካርድ ጊዜው ማለፉን ግን አላስተዋለም። ገንዘቡ አለቀ፣ ታጉ ተዘጋ፣ እሱ በየቀኑ ወደ ሥራ ይመላለሳል። አሥራ አንድ ጊዜ አለፈ። አሥራ አንዱም ለየብቻ ቅጣት ተቆጠረበት። ማስታወቂያዎቹ የሄዱት ወደ ለቀቀው አሮጌ አድራሻው ነው፤ እሱ ነገሩን የሰማው ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ሲደውልለት ነው። የመንገዱ ሒሳብ ትንሽ ነበረች፣ ቅጣቱ ግን እጥፍ ድርብ ሆኖ የመንገዱን ክፍያ ከዓይን ሰውሮታል። ስሙንም፣ ታርጋውንም፣ ኢሜይሉንም የያዙት እነሱው ናቸው። "ካርድህ አልሠራም" የሚል አንዲት መልእክት መላክ ምን ይከብድ ነበር? ይህ ሰው ሊያጭበረብር የፈለገ ሰው አይደለም፣ ደንበኛ ነው።

ደንበኛ መሆኑን የሚያውቁበት መንገድም አላቸው። መንገዱን ተሻግሮ ከላይ የተሰቀለው አንቴና ታጉን በሬዲዮ ይጠራዋል፣ ታጉ ቁጥሩን ይመልሳል። ካልመለሰ ካሜራው ታርጋውን ያነሳል። ታርጋው አካውንት ላይ ከተመዘገበ ብዙዎቹ ዝም ብለው የተለመደውን ሒሳብ ይቆርጣሉ። መሆን ያለበትም ይሄ ነው። ታጉ የማይመልስበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ነው፤ ባትሪ ያለው ዓይነት ባትሪው ያልቃል፣ የፊት መስታወታቸው ሙቀት የሚመልስ የብረት ሽፋን ያለባቸው መኪኖች ሬዲዮውን ይከለክላሉ፣ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ታጉን ኮመዲኖ ውስጥ ወርውሮ ይነዳል። መስታወታችሁ እንዲህ ዓይነት ከሆነ የመኪናውን ማኑዋል እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመሃል ስፖኪዮው ጀርባ ሽፋን የሌለበት ትንሽ ቦታ ይተዋል፣ ታጉ እዚያ ይለጠፍ።

ነገሩ ትንሽ ነው የሚል ካለ ደግሞ እስከ ምን እንደሚሄድ ይየው። ያ ያልኳችሁ የ407 መንገድ ዕዳ ያለበት ሰው ታርጋውን ማሳደስ አይችልም። በ2015 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ጉዳይ አለ። ሰውየው ኪሳራ አውጆ ዕዳው በሕግ ከተነሳለት በኋላም በዚያው ዕዳ ሰበብ ታርጋ ተከልክሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይሄ አይሆንም አለ። ግን የመንገድ ሒሳብ የሀገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስኪደርስ መሄድ ነበረበት?

በሌላ በኩል እንግሊዝ ያለውን የዳርትፎርድ የወንዝ መሻገሪያ መንገድ ተመልከቱ። በ2014 ዳሱን ያነሱት ጊዜ እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት ድረስ የመክፈያ ጊዜ ሰጡ። ቅጣት የመጣበት ሰው 28 ቀን አለው፣ ይከፍላል ወይ ይከራከራል። አቤቱታው ካልተቀበሉት ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ ያለ ገለልተኛ ዳኛ ጋ ይሄዳል፣ ለዚያም ገንዘብ አይጠየቅም። እኔ በየቦታው እንዲሆን የምፈልገው ይህንን ነው። ቀጪውና ይግባኝ ሰሚው አንድ ቢሮ ሲሆን የኔ ቢጤ ሰው ምን ያደርጋል? ሙሉው ፎቶ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ ይታተም፣ ቆፍሬ አላውጣው። አቤቱታ ከገባ ቅጣቱ ባለበት ይቁም።

እስከዚያው አንባቢዎቻችሁን አደራ የምለው አለ። ማስታወቂያው ሲመጣ ቀኑን እዩ፤ የመቃወሚያው ጊዜ አጭር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ነው። ፎቶውን ሳታዩ ብር አታውጡ። መኪና ከሸጣችሁ ታርጋውን ከአካውንታችሁ በዚያው ቀን አውጡ፣ የሽያጩንም ወረቀት ጠብቁ። በስልክ ያወራችሁትን ሁሉ በጽሑፍ ድገሙት፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን ያዙ፤ እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። በስልክ መልእክት የሚመጣውን "ያልተከፈለ የመንገድ ሒሳብ አለብዎት" የሚል ሊንክ አትንኩት። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በኤፕሪል 2024 ሲያስጠነቅቅ በአንድ ወር ገደማ ከ2,000 በላይ አቤቱታ ደርሶት ነበር። አጭበርባሪዎች ናቸው። ዕዳ እንዳለባችሁ ማጣራት ከፈለጋችሁ የድረ ገጹን አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ።

የላክኋቸውን ሁለቱን ደብዳቤዎች ኮፒ፣ የታርጋ ቁጥሩን ሸፍኜ፣ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ቦታ ካላችሁ አትሟቸው። ነገ ማታ የፖስታ ሳጥኑን ከፍቶ የማያውቀውን መኪና የሚያይ ሰው ከባዶ ወረቀት እንዳይጀምር።

አክባሪያችሁ፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ