ሳትገጥመው በፊት አንብበው

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለማሙሽ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እማዬ ደህና ናት? የአባባ ወገብስ ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን።

የጠየቅኸኝን የብስክሌት ጫማና ፔዳል ለፋሲካ ወደ ባሕር ዳር በምትመጣ የቤተ ክርስቲያናችን እህት እጅ ልኬልሃለሁ። ጫማው 43 ቁጥር ነው። ፔዳሉ ጫማን ነክሶ የሚይዘው የሺማኖ ኤስፒዲ ሆኖ፣ ከጫማው ሥር የምትታሰረው፣ ፔዳሉ የሚይዛት ክሊት የምትባለው ብረት፣ ብሎኖቿና ሁለት ቁልፎች አብረው አሉ። በስልክ ላስረዳህ ብዬ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን፣ አንዱንም ሳትገጥም ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብበው። ለእማዬ የጻፍሁትን ደግሞ ጮክ ብለህ አንብብላት።

የምሄድበትን መንገድ በቪዲዮ አሳይቼሃለሁ። ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቼ፣ የፖቶማክን ወንዝ ዳር ይዤ፣ በማውንት ቬርነን የብስክሌት መንገድ ወደ ሰሜን እወጣለሁ። በናሽናል ኤርፖርት ጎን አልፌ በ14ኛው ጎዳና ድልድይ ወንዙን እሻገርና ዋሽንግተን እገባለሁ። ከዚያ ወዲያ በ15ኛው ጎዳና ከመኪናው በተከለለው የብስክሌት መስመር ነው። አንዱ ጉዞ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መኪና ብይዝ ኢንሹራንሱና ፓርኪንጉ ከደመወዜ የሚቆርጠውን አንተም ታውቃለህ፤ ግን ገንዘቡ ቢቀር እንኳ ይህን የጠዋት መንገድ በምንም አልለውጠውም።

ወደዚህ ፔዳል የመለሰኝ ዝናብ ነው። በመንገዱ ላይ የእንጨት ድልድዮች አሉ፤ ሳንቃው ሲረጥብ ጎማም እግርም ይከዳል። በተራው ፔዳል ላይ እግሬ እየተንሸራተተ የፔዳሉ ጥርስ ቅልጥሜን ይልጠኝ ነበር። አሁን እግሬ ካስቀመጥሁበት ንቅንቅ አይልም። ድልድዩ ላይ ለመውጣት ተነሥቼ ስረግጥም ሆነ መንገዱ ሲያርገፈግፈኝ ሐሳቤ እግሬ ላይ አይደለም። ፍጥነትህ እጥፍ ይሆናል የሚሉህን ግን አትመን። በሌላው እግር ወደ ላይ እየጎተትህ ጉልበት ትጨምራለህ ይባላል፤ ደልዳላ መንገድ ላይ በእርጋታ ስትሄድ ግን ማንም እንዲያ አይነዳም። የምታገኘው እግርህ ሁልጊዜ ትክክለኛ ቦታው ላይ መሆኑን ነው። ለእኔ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ታሪኩን ስለምትወድ ልንገርህ። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ በፈረንጆች 1956 ሜልቦርን ላይ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። በዚያ ዘመን ተወዳዳሪዎች እግራቸውን ፔዳሉ ላይ በጠፍር ነበር የሚያስሩት፤ ለመውረድ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን በእጅ ማላላት የግድ ነበር። በ1984 ሉክ የሚባለው የፈረንሳይ የበረዶ ሸርተቴ ዕቃ ሠሪ፣ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ የሚታሰርበትን ብልሃት ወደ ፔዳል አመጣው። በዓመቱ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል ታላቁን የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። ያንተ ኤስፒዲ በ1990 የወጣ ነው፤ ክሊቷ ትንሽ ሆና ሶሉ ውስጥ ስለምትሰምጥ በእግርህ እንደ ልብህ ትራመድበታለህ። ለውድድር የሚሆኑት ትልልቆቹ ከሶሉ ሥር ወጣ ስለሚሉ እንደዚህ አይመቹም። በፈረንጆች 2016 ቱር ደ ፍራንስን በመንዳት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም፣ በ2024 ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደልን የጎረቤታችን የኤርትራ ልጅ ቢኒያም ግርማይም በእነዚያ በትልልቆቹ የውድድር ፔዳሎች ነው የነዱት።

አሁን ወደ ሥራው። የግራው ፔዳል ክር ተገላቢጦሽ መሆኑን ታውቃለህ። ክሩ ላይ ትንሽ ግሪስ ቀባውና በእጅህ ጀምረው፤ አልገባም ካለ በቁልፍ አታስገድደው፣ ክሩን ትፈጀዋለህ። ክሊቷን በጫማው ርዝመት ከአውራ ጣትህ ሥር ካለው አጥንት አካባቢ ትንሽ ወደ ኋላ አድርጋት። አቅጣጫዋን ደግሞ ከአካሄድህ ውሰድ፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ እግርህን ዝም ብለህ ስታንጠለጥለው ጫፉ ወዴት እንደሚያይ ተመልከት። ጉልበትህን ካመመህ ክሊቷ ጠማማ ናትና ልክ እንደ ፀጉር ወርድ እያንቀሳቀስህ አስተካክላት፣ ሕመሙን ቻል አድርጌ ልንዳ እንዳትል።

ብሎኖቹን በደንብ አጥብቃቸው። ለዚህ ነው በደብዳቤ ካላልሁህ ብዬ ሙጭጭ ያልሁት። ከሁለቱ ብሎኖች አንዱ ወድቆ ክሊቷ በአንድ ብሎን ከቀረች፣ ተረከዝህን ስታዞር ክሊቷ አብራ ትዞራለች እንጂ አትለቅም። እግርህ የምር የሚታሰረው ያኔ ብቻ ነው። መንዳት በጀመርህ ሰሞን ከጉዞ ስትመለስ ሁሉ ጫማውን ገልብጠህ እያቸው። የክሊቷ ብሎን በ4 ሚሊ ሜትሯ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ይጠብቃል። 3 ሚሊ ሜትሯ ፔዳሉ ላይ ያለውን ሞላ ማጥበቂያና ማላሊያ ናት። ሞላውን እስከሚችለው ድረስ አላላው። የላክሁልህ ክሊት 56 የምትባለው ናት፤ ተረከዝህን ወደ ውጭ ስታዞር ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ ስትነቅልም ትለቃለች። አዲስ ሰው በዚህች ቢጀምር ይሻለዋል። ሱቅ ውስጥ ይህን የሚነግርህ ሰው ብዙ አታገኝም።

መግባቱ ቀላል ነው፤ ጫፏን ወደፊት አስቀድመህ ትረግጣለህ፣ ቀጭ ስትል ገብታለች። ዓይንህን ወደ ታች አትላክ፣ እግርህ ራሱ ይፈልጋታል። መማር ያለብህ መውጣቱን ነው። ስለዚህ መንገድ ሳትወጣ በረንዳ ላይ ግድግዳውን ተደግፈህ ኮርቻው ላይ ተቀመጥና፣ አንዱን እግር አስገባ አውጣ፣ ሌላውንም እንደዚያው፣ እስኪሰለችህ ድረስ። እኔ ከግድግዳው ቀጥሎ የተማርሁት በሥራ ቀን ባዶ በሚሆነው የቤተ ክርስቲያናችን የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ነው። በግራ እግሬ ብቻ ተይዤ፣ ቀኙን ነጻ አድርጌ ዞርሁ፤ ሁለቱም እግሮች የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። አንተ ሣር ያለበት ሜዳ ፈልግ፤ ሣር ላይ ብትወድቅ ቁስሉ ቀላል ነው።

ሰው የሚወድቀው ሲከንፍ አይደለም፤ ቆሞ ነው። ቀይ መብራት ይመጣል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ብስክሌቱ ቀጥ ይላል፣ እግሩ ግን አሁንም ፔዳሉ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ጎን ይጋደማል። መድኃኒቱ ቀድሞ ማውጣት ነው። ለመቆም ስታስብ፣ ገና እየተንከባለልህ ሳለህ፣ የምታወጣውን እግር ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝህን ወደ ውጭ ወርውረው። ሁልጊዜ ቀኙን እንድታወጣ እመክርሃለሁ፤ ሰንሰለቱ ሱሪህን በግሪስ ቢያቆሽሽም የመንገዱ ዳር በቀኝህ ነው፣ መኪናና ባጃጅ የሚያልፈው በግራህ ነውና ሸብረክ ብትል ወደ ዳሩ ይሁንልህ። ከመቆምህ በፊት ማርሹን ቀላል አድርገው፣ ስትነሣ ብስክሌቱ እንዳይከብድህ።

ከኤርፖርቱ በስተሰሜን ግሬቭሊ ፖይንት የሚባል መስክ አለ። አውሮፕላኖቹ ለማረፍ ሲወርዱ ከራስህ በላይ በጣም ዝቅ ብለው ነው የሚያልፉት፤ የጎማቸው ጥቁረት ሳይቀር ይታያል፣ ድምፁ ደረትህ ውስጥ ይገባል። ሰዉ ልጆቹን ይዞ ሊያይ ይመጣል። ልጅ ቀና ብሎ አውሮፕላኑን እያየ ወደ ኋላው ይራመዳል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ብስክሌት መንገዱ ይመጣል። አባቱም ቀና ብሎ እያየ ነው። እኔ እዚያ መስክ ሳልደርስ፣ ዛፎቹ ሲያልቁ፣ ቀኝ እግሬን አውጥቼ ሁለት ጣቴን ፍሬኑ ላይ አድርጌ ነው የማልፈው። ዝይዎቹም አሉ፤ በመንገዱ መሐል መንጋ ሆነው ይቆማሉ፣ በደወል የሚሸሹ አይደሉም።

የባሕር ዳር ግሬቭሊ ፖይንት የት እንደሆነ እኔ ልነግርህ አልችልም፤ አንተ ነህ በየቀኑ ከቤት ወደ ዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ፣ ከፖሊ ወደ ፔዳ ግቢ የምትመላለሰው። ባጃጅ ሰው ሲጠራው ሳያሳይ እንደሚቆም ግን አልረሳሁም። ባጃጅ ከፊትህ ካለ አንዱ እግርህ ነጻ ይሁን። ገበያ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ኮብልስቶን ላይም እንደዚሁ። መጀመሪያ ሁለት እግርህን አስገብተህ ልትነዳበት የምትችለው ቦታ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ይመስለኛል፤ የብስክሌት መስመር ተለይቶለታል፣ 380 ሜትር ሙሉ የሚያስቆምህ የለም። ወደ ቤዛዊት ሽቅብ ለመውጣት አትቸኩል። ዳገት ላይ ጉልበትህ አልቆ ብስክሌቱ ሲቆም፣ እግር ለማውጣት ጊዜ አይሰጥህም።

ክረምት ሲገባ ጭቃው ክሊቷን ይሞላታል። እንጨት ቢጤ ኪስህ ይኑርና ሳትገባ በፊት ጥረጋት። በበጋው አቧራ ደግሞ ሞላው ላይ የዘይት ጠብታ አድርግ፤ ሲደርቅ ይነክሳል። በዚህ ጫማ ሴራሚክ ወለል ላይ ስትራመድ ተጠንቀቅ፣ ብረት ነውና ያንሸራትታል።

ይህ ደግሞ ለእማዬ ነው።

እማዬ፣ «እግሯን ከብስክሌት ጋር አስራ ትሄዳለች» ብለው እንደነገሩሽ ሰምቻለሁ። አልታሰርሁም። አያታችን እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን ፈረስ ሲጋልቡ እርካብ ይረግጡ አልነበር? ሲፈልጉ እግራቸውን ያወጡ የለ? ይኸም እንደዚያው ነው፤ ተረከዜን ወደ ውጭ ሳዞር ይለቀኛል። ሞላው ላላ ያለ ስለሆነ ብወድቅም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይለቃል። ሄልሜቴን ሳላደርግ ከቤት አልወጣም፤ ማታ ስመለስ የፊትና የኋላ መብራት አለኝ። የማሙሽን መብራትና ሄልሜትም ካርቶኑ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከልክለሽው ከሆነ ፍቀጂለት፤ ግን ሄልሜቱን ካላደረገ ብስክሌቱን ቆልፊበት። በጸሎትሽ አስቢኝ።

ማሙሽ፣ ክሊቷን ከገጠምህ በኋላ ሳትነዳበት የሁለቱንም ጫማ ሶል ከሥር ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ላክልኝ። ኮርቻው ላይ ተቀምጠህም ከጎን አንድ አንሣ፤ ጫማው ክሊት ሲጨመርበት የእግርህ ከፍታ ይለወጣልና ኮርቻውን ትንሽ ማንሣት ያስፈልግህ ይሆናል። እኔ አይቼ ደህና ነው እስክልህ ድረስ በረንዳው ላይ ተለማመድ። ካርቶኑን የምታመጣልህ እህት ስልክህን ይዛለች፤ ስትደውልልህ ሄደህ ተቀበላት፣ ቤትም አምጥታችሁ ቡና አፍሉላት።

አባባን ጉልበታቸውን ሳምልኝ ብላኛለች በላቸው። ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህትህ