ጉዳዩ፦ ወደ መርጡለ ማርያም ስለሚደረገው የትምህርት ጉዞ

ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጤና ይስጥልን። ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ልጆቻችሁን ወደ መርጡለ ማርያም ገዳም እንወስዳለን። አውቶቡሱ ከትምህርት ቤቱ በር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሣል፤ አርፋጅ አንጠብቅም።

የምናሳያቸው ከአሁኑ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለውን ፍርስራሽ ነው። መጀመሪያ ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው፤ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት። ከሐድያ ገዥ ቤት የተገኙት እኚህ ሴት በእርጅናቸው ለሕፃኑ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር አስተዳድረዋል፤ ፖርቱጋል ድረስ መልእክተኛ ልከዋል። ሕንፃው በግራኝ አሕመድ ጦርነት ፈረሰ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን መልሰው አነሡት፤ እሱም አልቆየም። አሁን ያለው ግድግዳ ነው። ግድግዳው ላይ ግን ድንጋይ ተፈልፍሎ የወጣ አበባና ሐረግ አለ። አምና አንዲት ተማሪ «የእማዬን ቀሚስ ጥልፍ ይመስላል» ብላለች፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልመስልህ ብሎኛል።

ይህን ደብዳቤ ያስረዘመው ግን ሌላ ነገር ነው። አምና ስንመለስ አንድ ልጅ ቦርሳው ውስጥ፣ ከዳቦው ሥር፣ መዳፍ የምታህል ጥርብ ድንጋይ ተገኘች። የአበባ ቅጠል ጫፍ ነበረባት። «ወድቃ ነው ያገኘኋት» አለ፤ ውሸት አይመስለኝም። ልጁን አልቀጣሁትም፤ በሳምንቱ ራሴ ይዣት ሄድኩ። የተቀበሉኝ አባት በነጠላቸው ጫፍ ያዟትና «ከየት በኩል ነበረች?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁም አያስታውስም። ከግድግዳው ሥር አስቀመጧት፤ የማን አካል እንደሆነች ግን ከእንግዲህ የሚናገር የለም።

ስለዚህ ከዓርብ ማታ በፊት ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። የወደቀም ቢሆን አይነሣም፤ ግድግዳ ላይ አይወጣም፤ ስም አይጻፍም። ሲመለሱ ቦርሳ እንፈትሻለን፤ ቅር እንዳትሰኙ።

የሙስሊም ተማሪዎች ወላጆች ለጠየቃችሁኝ፦ ፍርስራሹ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ነው፤ ትምህርቱም የታሪክ ነው። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ልጅ አይኖርም።

ጊዜው የነቢያት ጾም ስለሆነ ሁሉም ልጅ ቆሎና ዳቦ ይያዝ፤ ለብቻው የሚበላ እንዳይኖር ብለን ነው። ሹራብ አትርሱ፣ ጠዋቱ ይበርዳል። የፈቃድ ወረቀቱን ፈርማችሁ እስከ ረቡዕ ለክፍል ኃላፊው መምህር ላኩ፤ ያልፈረመ ወላጅ ልጅ አውቶቡስ ላይ አይወጣም።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር