ጠዋትም ያልጎደለ የእግር እብጠት

ውድ አባሎቻችን፣

ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሲያብጥ «የባሕር ዳር ሙቀት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሙቀት እውነትም ያሳብጣል፤ እንዲህ ያለው እብጠት ግን ተኝተው ሲያድሩ ይጎድላል። ጠዋትም ካልጎደለ፣ ወይም ፊትና የዓይን ቆብ ካበጠ፣ ኩላሊትና ልብ ይመርመሩ።

ከሁሉ በላይ የምናምነው ሚዛንን ነው። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ቁርስ ሳትቀምሱ፣ በቀላል ልብስ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን ተመዘኑና ጻፉት። በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመራችሁ ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው፤ ስብ እንዲህ አይፈጥንም። ቅልጥማችሁን በአውራ ጣት ለ10 ሰከንድ ያህል ተጫኑት፤ ስርጉዱ ቶሎ ካልሞላ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። አረፋው የማይጠፋ ሽንት ደግሞ ፕሮቲን እያመለጠ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ሐኪም ስታዩ የኩላሊትን ጤና የሚያሳዩትን የደም ክሬያቲኒንና የሽንት አልቡሚን (ፕሮቲን) ምርመራ ጠይቁ፤ ኩላሊት ክፉኛ እስኪዳከም ምንም ላይሰማችሁ ይችላል።

ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ አይብለጥ። በርበሬና ሽሮ ውስጥ የገባው፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ ላይ የሚነሰነሰውም ይቆጠራል።

ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ፣ እባካችሁ። ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ፣ ጨውና ውሃም ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ። የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒንም ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፤ ለሐኪም ንገሩ እንጂ አታቋርጡት።

አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ፣ ወይም ስትተኙ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ።